በኖራ የጠነከረው መሬት ለምን አበጠ? የኤም40 አውራ ጎዳና የባንበሪ ጉዳይ

ውሃ የጠገበ ለስላሳ ሸክላን በኖራ ማጠንከር ብዙ አገር የተፈተነ ዘዴ ነው። ቆፍሮ ከመጣል፣ ከሩቅ ካባ ድንጋይና ጠጠር ከማመላለስ ያድናል። በአግባቡ ከተሠራም ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሺር ውስጥ፣ በባንበሪ ከተማ አቅራቢያ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። በ1989 በጋ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኖራ የታከመው የመንገድ መሠረት፣ ቀጥሎ የመጣው ብርድ ሳያልፍ እስከ 150 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ተነሳ። መንገዱ ገና ለትራፊክ አልተከፈተም ነበር፤ ያነሳውም የከባድ መኪና ጫና ወይም የውርጭ ጉዳይ አልነበረም። መልሱ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው፤ በቅድሚያ የተደረገው የላብራቶሪ ምርመራ ባልጠየቀው ጥያቄ ውስጥ።

ሁኔታው

ኤም40 ለንደንን ከበርሚንግሃም አካባቢ የሚያገናኝ አውራ ጎዳና ነው። ከለንደን እስከ ኦክስፎርድ ያለው ክፍል ቀደም ብሎ ተሠርቶ፣ ከኦክስፎርድ ወደ ሰሜን ያለው ቅጥያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተገነባ። የመጨረሻው ክፍል የተከፈተው በጥር 1991 ነው። በባንበሪ አካባቢ ያለው የሥራ ውል በሙያው ሰነዶች ላይ «ባንበሪ 4» በሚል ስም ይታወቃል።

መንገዱ እዚያ የሚያልፈው ሎወር ላያስ በሚባለው ሸክላ ላይ ነው። ይህ በጁራሲክ ዘመን መጀመሪያ፣ ከ180 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ደለል ነው። ከታች ሲቆፈር ጠቆር ያለ ሰማያዊ ግራጫ፣ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። ከላይ አየርና ዝናብ ያገኘው ክፍል ግን ወደ ቡኒ ይለወጣል፤ ስንጥቆቹ ውስጥም አንዳንድ ጊዜ የሚያብረቀርቅ የጂፕሰም (የካልሲየም ሰልፌት ማዕድን) ክሪስታል ይታያል። የቀለሙ ልዩነት በኋላ ለሚመጣው ነገር ትልቅ ምልክት ስለሆነ ልብ ይባል።

እንዲህ ያለ ሸክላ ሲረጥብ የመሸከም አቅሙ በጣም ይወርዳል። ሲቢአሩ (የመሬት የመሸከም አቅም መለኪያ) 2 ወይም 3 በመቶ ላይ የቆመ መሬት የግንባታ መኪና እንኳ ያሰምጣል፤ ሰብቤዝ (የመንገዱ የታችኛው የጠጠር ንጣፍ) ተነጥፎበት በሮለር ሲጨመቅም ከሥር እየሸሸ አያስጠቀጥቅም። ስለዚህ በሰብግሬዱ (ከሥር ባለው መሬት) እና በሰብቤዙ መካከል ካፒንግ የሚባል ንጣፍ ይገባል። ካፒንጉ ከውጭ የመጣ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ወይም እዚያው ያለው ሸክላ በኖራ ታክሞ ካፒንግ ይሆናል። በባንበሪ የተመረጠው ሁለተኛው ነው። ምርጫው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የእንግሊዝ የመንገድ ሥራ ስፔሲፊኬሽንም ይህን ሥራ በራሱ አንቀጽ ያስተናግደዋል።

ኖራው ምን ይሠራል

ኖራ ሸክላ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሁለቱ ጊዜና ባሕርይ ይለያያል።

የመጀመሪያው ሥራ በሰዓታት ውስጥ ይታያል። ከኖራው የሚወጣው ካልሲየም በሸክላ ቅንጣቶች ላይ ያሉትን ሶዲየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ተክቶ ይቀመጣል። ቅንጣቶቹ ተሳስበው ይቋጠራሉ፤ እጅ ላይ ሲጣበቅ የነበረው ጭቃ እንደ ፍርፋሪ ይበተናል። ፕላስቲክ ሊሚቱ (አፈሩ እንደ ሊጥ መሆን የሚጀምርበት የውሃ መጠን) ስለሚጨምር፣ የውሃው መጠን ሳይቀንስ እንኳ አፈሩ የደረቀ ያህል ሆኖ ይሠራል።

በዚያ ላይ ኩዊክላይም (ገና ውሃ ያልነካው የተቃጠለ ኖራ) ራሱ ውሃ ይጠጣል። 1 ኪሎ ግራም ኩዊክላይም ወደ ሃይድሬትድ ላይም (ውሃ የጠጣ ኖራ) ሲለወጥ 0.32 ኪሎ ግራም ውሃ ይወስዳል፤ የሚለቀው ሙቀት ደግሞ ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ውሃ ሊያተን ይችላል። 3 በመቶ ኖራ የገባበት አፈር እንግዲህ የውሃ መጠኑ ከ1 እስከ 2.5 የመቶኛ ነጥብ ይቀንሳል። ለዝናባማ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ ቀርፋፋ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአልካላይነቱ መለኪያ) ወደ 12.4 ሲደርስ በሸክላው ውስጥ ያለው ሲሊካና አሉሚና መሟሟት ይጀምራል። ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶም ሲሚንቶን የሚመስል ማጣበቂያ ይፈጥራል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፣ ብርድ ሲመጣ ደግሞ ሊቆም ምንም አይቀረው። የሚበቃውን የኖራ መጠን ለማወቅ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው። በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ 25 ግራም ደረቅ አፈር የሚይዙ ጠርሙሶች ይዘጋጃሉ። በየጠርሙሱ የተለያየ መቶኛ ኖራና 100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይገባል። በየ10 ደቂቃው ለ30 ሴኮንድ እየተናጠ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፒኤቹ ይለካል። 12.4ን የያዘው ዝቅተኛው መቶኛ መነሻ ነው። ይህ ውጤት ግን ለጥንካሬ ዋስትና አይሆንም፤ ጥንካሬው በራሱ ናሙና ይፈተናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መያዝ አለበት። አሉሚናውን ከሸክላው ፈልቅቆ የሚያወጣው ከፍተኛ ፒኤች ነው፤ ጥንካሬ የሚሰጠን ይኸው ነው። ሰልፌት (የድኝና የኦክሲጅን ውሕድ) በአቅራቢያው ካለ ግን ያው የወጣ አሉሚና ሌላ መንገድ ይይዛል።

ሥራው እንዴት ይካሄዳል

መጠኑን በአንድ ምሳሌ እንየው። የንጣፉ ውፍረት 250 ሚሊ ሜትር፣ የአፈሩ ደረቅ ጥግግት በኪዩቢክ ሜትር 1.6 ቶን ቢሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ሥር 400 ኪሎ ግራም ደረቅ አፈር አለ። 3 በመቶ ኖራ ማለት በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ግራም ነው። 20 ቶን የጫነ ታንከር ወደ 1,670 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ማሰራጫው በትክክል መጣሉን ማወቂያው መንገድ ስፋቱ የታወቀ ትሪ ነው። ትሪው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ መኪናው ያልፍበታል፣ የወደቀው ኖራ ይመዘናል። 0.25 ካሬ ሜትር በሆነ ትሪ ላይ ከ3 ኪሎ ግራም በእጅጉ የራቀ ከተገኘ የማሰራጫው ፍጥነት ወይም መክፈቻ ይስተካከላል። በኩዊክላይም ፋንታ ሃይድሬትድ ላይም ከሆነ ለተመሳሳይ ካልሲየም 1.32 እጥፍ ክብደት ያስፈልጋል። ይህ ስሌት ሲዘነጋ ንጣፉ ሳይታወቅ ሩብ ያህል ኖራ ይጎድለዋል።

ከተሰራጨ በኋላ በሮታቬተር ወይም በስታቢላይዘር (አፈር በሚያደቁና በሚያደባልቁ ማሽኖች) ይገለበጣል፤ ውሃ ከጎደለውም ይጨመርለታል። ከዚያ ላዩ በቀላሉ ተዳምጦ፣ በእንግሊዝ አሠራር ከ24 እስከ 72 ሰዓት እንዲበስል ይተዋል። እንደገና ተገልብጦ ጓሉ ይደቃል። በአሜሪካ አሠራር ጓሉ በሙሉ በ25 ሚሊ ሜትር ወንፊት፣ ቢያንስ 60 በመቶው ደግሞ በ4.75 ሚሊ ሜትር ወንፊት ማለፍ አለበት። በመጨረሻ ይጨመቃል። እንግሊዞች የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ይህን ሥራ ያቆማሉ፤ ስለዚህ ሥራው የበጋ ሥራ ነው።

ኖራው እስከ ታች መድረሱን ለማየት ከንጣፉ ጎን ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ ግድግዳው ላይ ፌኖልፍታሊን ይረጫል። ኖራ ያገኘው ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ያላገኘው ቀለሙን አይለውጥም። ሮዙ እንደ ዝንጉርጉር ቆዳ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ብሎ ከታየ፣ ኖራው በጓሎቹ ዙሪያ እንጂ በውስጣቸው አልገባም ማለት ነው፤ ማሽኑ እንደገና ማለፍ አለበት። ሠራተኛው ዓይኑን በመነጽር፣ እጁን በጓንት መሸፈን አለበት። ኩዊክላይም ላብ ባለበት ቆዳ ላይ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ወዲያውኑ ለረጅም ጊዜ በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አሟልቶ የሠራ ሰውም ቢሆን የባንበሪን ዓይነት እብጠት አይከላከልም። ችግሩ በማሰራጨትና በመገልበጥ የሚስተካከል ዓይነት አይደለም።

ምን ታየ

በበጋው የታከመው ካፒንግ መጀመሪያ የሚፈለገውን ሆኖ ነበር፤ ደርቋል፣ ጠንክሯል፣ በላዩም ሥራው ቀጠለ። የ1989 መጨረሻና የ1990 መጀመሪያ ብርድና ዝናብ ሲመጣ መሬቱ መነሳት ጀመረ። እብጠቱ በሁሉም ቦታ እኩል አልነበረም፤ ከፍተኛው ወደ 150 ሚሊ ሜትር ደረሰ። የታከመው ንጣፍ ጎኑ በራሱ አፈር የታጠረ ስለሆነ ወደ ጎን መስፋት አይችልም፤ የቀረው መንገድ ወደ ላይ ብቻ ነው።

ያበጠው አፈር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ምክንያቱ በግልጽ ይታያል። በሸክላው ቅንጣቶች መካከል መርፌ የመሰሉ ቀጫጭን ክሪስታሎች በጥቅጥቅ በቅለው፣ ቅንጣቶቹን ወዲያና ወዲህ ገፍተው ይታያሉ። ክሪስታሎቹ ኤትሪንጋይትና ታውማሳይት ናቸው።

ለምን ሆነ

ሎወር ላያስ በባሕር ወለል ላይ፣ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የተፈጠረ ስለሆነ ፓይራይት ይዟል። ፓይራይት የብረትና የድኝ ውሕድ ነው፤ ከክብደቱ 53 በመቶ ያህሉ ድኝ ነው። ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም፤ በሸክላው ውስጥ እንደ ዱቄት ተበትኖ ይገኛል። መሬት ሥር አየር ሳይደርስበት እስካለ ድረስ ምንም አያደርግም። ሲቆፈር፣ በማሽን ሲደቅና ውሃና አየር ሲያገኝ ግን ኦክሲዳይዝ ሆኖ (ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ) ብረቱ ይዝጋል፣ ድኙ ወደ ሰልፌት ይለወጣል። ከላይ ያነሳነው ቡኒ ሸክላና የጂፕሰም ክሪስታል ይኸው ለውጥ በተፈጥሮ ቀስ ብሎ የተካሄደበት ማስረጃ ነው። ኖራ ለመቀላቀል አፈሩን ማድቀቅ፣ ማናፈስና ማርጠብ ግዴታ ስለሆነ፣ ሥራው ራሱ ይህን ለውጥ ከብዙ ዘመን ወደ ጥቂት ወራት አሳጠረው።

የተፈጠረው ሰልፌት፣ ከኖራው ካልሲየምና ከሸክላው ከወጣው አሉሚና ጋር ውሃ ሲያገኝ ኤትሪንጋይት ይሆናል። ኤትሪንጋይት ከክብደቱ 46 በመቶው ውሃ ነው። ታውማሳይት ደግሞ ከአሉሚና ይልቅ ሲሊካና ካርቦኔት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን በቀላሉ ይፈጠራል። ሎወር ላያስ ካርቦኔት ስላለው፣ በብርዱ ወራት ለታውማሳይት የጎደለው ነገር አልነበረም። የታውማሳይት ጉዳት በእብጠት ብቻ አያበቃም። ሲሊካውን የሚወስደው ጥንካሬ ከሚሰጠው ማጣበቂያ ስለሆነ፣ የጠነከረውን አፈር መልሶ ወደ ለስላሳ ጭቃ ያወርደዋል።

የጉዳዩን ስፋት ለመረዳት ስሌቱን በአንድ የታሰበ አፈር ላይ እንሥራ። አፈሩ ዛሬ ሲለካ 0.2 በመቶ ሰልፌት ብቻ አለው እንበል፤ በተጨማሪም 1 በመቶ ፓይራይት አለው። ሰልፌቱ ውስጥ ያለው ድኝ 0.07 በመቶ ያህል፣ ፓይራይቱ ውስጥ ያለው 0.53 በመቶ ነው፤ በድምሩ 0.6 በመቶ። አንድ ክፍል ድኝ ሙሉ በሙሉ ኦክሲዳይዝ ሲሆን ሦስት ክፍል ሰልፌት ስለሚሰጥ፣ አፈሩ ወደፊት ሊያወጣ የሚችለው ሰልፌት 1.8 በመቶ ነው። ዛሬ ከተለካው ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ኤትሪንጋይት ቢለወጥ፣ በ100 ኪሎ ግራም ደረቅ አፈር ውስጥ 7.8 ኪሎ ግራም ያህል ክሪስታል ይፈጠራል። የሚወስደው ኖራም በኩዊክላይም 2.1 ኪሎ ግራም ነው፤ 3 በመቶ ኖራ ለገባበት አፈር ይህ ለጥንካሬ ከታሰበው ከሁለት ሦስተኛው በላይ ነው። ካልሲየሙ ከፊሉ ከሌላ ቦታ ሊመጣ ቢችልም አቅጣጫው ግልጽ ነው። ያበጠ አፈር የደከመ አፈርም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከስሌቱ ሌላም ነገር ይወጣል። የኤትሪንጋይት ጥግግት በሊትር 1.78 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ 7.8 ኪሎ ግራሙ የሚይዘው ቦታ 4.4 ሊትር ነው። 100 ኪሎ ግራም ደረቅ አፈር ተጨምቆ የያዘው ቦታ 62.5 ሊትር ነበር። እድገቱ በሙሉ ወደ ላይ ቢሆንና አንድም ክፍት ቀዳዳ ባይሞላ እንኳ፣ 250 ሚሊ ሜትር ንጣፍ ከ18 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ነው የሚነሳው። 150 ሚሊ ሜትር ከየት መጣ? መርፌዎቹ የአፈሩን ቅንጣቶች እየገፉ ሲለያዩ በመካከላቸው አዲስ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ ቦታውን ውሃ ይሞላዋል፤ ውሃው ደግሞ ተጨማሪ ክሪስታል ያበቅላል። አፈሩ ያበጠው በክሪስታሉ መጠን ብቻ አይደለም፤ በከፈተው ባዶ ቦታም ጭምር ነው። «ሰልፌቱ ትንሽ ስለሆነ እብጠቱም ትንሽ ይሆናል» የሚል ግምት የሚያስተው እዚህ ላይ ነው።

ምርመራው ምን አላየም

በቅድሚያ የተደረገው ምርመራ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ሰልፌት አይቷል። ያላየው ጠቅላላ ድኙን ነው። ለላብራቶሪ የተላከው ጥያቄ «ዛሬ ስንት ሰልፌት አለ?» የሚል ሲሆን፣ ያልተነካ ግራጫ ሸክላ የሚሰጠው መልስ ትንሽ ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ለሥራው ግን አይበቃም።

የሰልፌት መለኪያውም የራሱ ገደብ አለው፤ ይህን ብዙ የሳይት ሰው አያውቀውም። በውሃ የሚሟሟ ሰልፌት በእንግሊዝ አሠራር የሚለካው አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ውሃ ተቀላቅሎ ነው። ጂፕሰም ግን በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ2.4 እስከ 2.6 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ ውሃው ጠግቦ በሊትር 1.4 ግራም ሰልፌት ገደማ ላይ ይቆማል፤ ወደ አፈሩ ሲመለስ 0.28 በመቶ ያህል ነው። አፈሩ ውስጥ 3 በመቶ ጂፕሰም ቢኖርም ሆነ 0.5 በመቶ፣ ወረቀቱ ላይ የሚነበበው ቁጥር ያው ነው። ይህን ለማምለጥ ውሃውን መጨመር ያስፈልጋል፤ የቴክሳስ የመንገድ መሥሪያ ቤት ለአንድ እጅ አፈር 20 እጅ ውሃ የሚጠቀመው ለዚህ ነው። በአሲድ የሚሟሟ ሰልፌትን መለካት ደግሞ ጂፕሰሙን በሙሉ ያወጣል። ሁለቱም ግን ፓይራይትን አያዩም።

ፓይራይትን የሚያየው የጠቅላላ ድኝ ምርመራ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጠቅላላ ድኙ በመቶኛ ይለካና በ3 ይባዛል። የተገኘው አፈሩ ሊያወጣ የሚችለው ጠቅላላ ሰልፌት ነው። ከዚህ ላይ በአሲድ የተለካው ሰልፌት ይቀነሳል። የሚቀረው ገና ያልነቃው፣ አየር ሲያገኝ የሚመጣው ነው። ናሙናው ከቡኒውም ከግራጫውም ሸክላ፣ በየጥልቀቱ ለየብቻ መወሰድ አለበት፤ የተደባለቀ ናሙና ሁለቱንም ይደብቃል። ከጉድጓድ የወጣው አየር በማይገባበት ፕላስቲክ ታስሮ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ፣ በፍጥነት መመርመር አለበት። ከረጢት ውስጥ ሳምንታት የቆየ ግራጫ ሸክላ መጋዘን ውስጥ ኦክሲዳይዝ ማድረግ ይጀምራል፤ የሁለቱ ውጤቶች ልዩነትም ይዛባል።

ከኬሚካሉ ምርመራ በኋላ በኖራ የታከመው አፈር ራሱ በውሃ ይፈተናል። አራት ቀን የሚነከረው የተለመደው የሲቢአር ፈተና ለዚህ አይበቃም። ከባንበሪ በኋላ በእንግሊዝ የወጣው መመሪያ ናሙናው 28 ቀን ተነክሮ እብጠቱ በአማካይ ከ5 ሚሊ ሜትር፣ በአንድም ናሙና ላይ ከ10 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 7 ቀን ነክሮ የሚያፋጥን የአውሮፓ ፈተናም አለ። ለኤትሪንጋይት ይረዳል፤ ታውማሳይት ግን በዚያ ሙቀት ስለማይፈጠር ፈተናውን ያለፈ አፈር ለብርድ አገር ዋስትና አያገኝም።

ቀድሞ የታወቀ ነገር ነበር?

አዎ፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። ሰልፌት በኖራና በሲሚንቶ የጠነከረ አፈርን እንደሚጎዳ በእንግሊዝ አገር ራሱ በ1962 ተጽፏል። በአሜሪካ ላስ ቬጋስ፣ ስቱዋርት አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ በኖራ የታከመው ንጣፍ ከተሠራ በኋላ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ተነስቶ ነበር። ኖራ ያልገባበት ጎረቤት አፈር ግን አልተነሳም። ያም ጉዳይ በ1986 ለሙያው በሰፊው ቀርቧል፤ እዚያም ኤትሪንጋይትና ታውማሳይት ተገኝተዋል። ልዩነቱ የላስ ቬጋሱ አፈር ሰልፌቱን አስቀድሞ ይዞ የነበረ መሆኑ ነው። ባንበሪ ላይ ሰልፌቱ ከሥራው በኋላ ተወለደ። ስለ ሰልፌት የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ ስለ ፓይራይት ያስባል ማለት አይደለም፤ ክፍተቱ የነበረው እዚህ ነው።

ያው ሸክላ በሌላ ሥራ ላይም ያንኑ አድርጓል። በ1998 በግሎስተርሺር በሚያልፈው ኤም5 አውራ ጎዳና ድልድዮች ላይ፣ ዙሪያቸው በሎወር ላያስ ሸክላ የተሞላ የኮንክሪት መሠረቶች በታውማሳይት ተበልተው ተገኙ። ምንጩ ያው ነበር፦ ተቆፍሮ መልሶ የተሞላ ሸክላ፣ አየር ያገኘ ፓይራይት፣ ቀዝቃዛ ውሃ። እዚያ ለመታየት ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ፤ በባንበሪ ግን ኖራው ሁሉንም ስላፋጠነው በአንድ ብርድ ወቅት ወጣ።

መፍትሔው

በባንበሪ ያበጠው የኖራ ካፒንግ ተነሥቶ ወጣ፤ በምትኩ ጠጠር ገባ። ሌላ አማራጭ አልነበረም። ተጨማሪ ኖራ መጨመር ለክሪስታሉ ካልሲየም መመገብ ነው፤ ላዩን ደልድሎ አስፋልት ማንጠፍም ፓይራይቱ እስኪያልቅ ድረስ ንጣፉን በየዓመቱ መጠገን ይሆናል።

በቴክሳስ አሠራር ሰልፌቱ ከ3,000 ፒፒኤም (0.3 በመቶ) በታች ለሆነ አፈር የተለመደው የኖራ ሥራ ይፈቀዳል። ከ3,000 እስከ 8,000 ሲሆን ውሃ ከኦፕቲመሙ (ለመጨመቅ ከሚመቸው መጠን) በላይ ተጨምሮ፣ ከመጨመቁ በፊት ለቀናት እንዲበስል ይተዋል፤ ክሪስታሉ መግፋት ሳይችል ቀድሞ እንዲያልቅ ነው። ከ8,000 በላይ ከሆነ ኖራ አይመከርም። ይህ ዘዴ ጂፕሰም ላለበት አፈር ጥሩ ነው። ፓይራይት ላለበት ግን አይታመንም፤ ጂፕሰም በቀናት ሲሟሟ ፓይራይት ለወራት ሰልፌት ማውጣቱን ይቀጥላልና።

በ1990ዎቹ በዌልስ ግላሞርጋን ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ምርምሮች ሌላ መንገድ አሳይተዋል፦ ከኖራው አብዛኛው ከብረት ማቅለጫ በሚወጣ የተፈጨ ዝቃጭ ሲተካ እብጠቱ በጣም ይቀንሳል። ዝቃጩ በትንሽ ኖራ ነቅቶ ቶሎ ይጠነክራል፤ የነጻ ኖራውም መጠን አነስተኛ ስለሚሆን ክሪስታሉ የሚያድግበት ነገር ይጎድለዋል። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬ ሰልፌት ላለባቸው ሸክላዎች የሚመረጠው ይህ ቅልቅል ነው። ብረት ከማዕድኑ የሚያቀልጥ ፋብሪካ በሌለበት አገር ግን ዝቃጩ ከውጭ መምጣት ስላለበት፣ ብዙ ጊዜ ጠጠሩ ይረክሳል።

በኢትዮጵያ አፈር ላይ

በኢትዮጵያ የኖራ ጥያቄ ሲነሳ በአብዛኛው ስለ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ከባዛልት መበስበስ የመጣ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው። ከባሕር ደለል ስላልመጣ ፓይራይትና ጂፕሰም የመረሬ መለያ አይደሉም፤ በእሱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቸግረው ጓሉን ማድቀቅና ኖራውን በእኩል ማዳረስ ነው። ስለዚህ የባንበሪ ጉዳይ «ኖራ አትጠቀሙ» አይልም፤ ለመረሬ ኖራ አሁንም ከምርጥ አማራጮች አንዱ ነው።

ሥጋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይ ሸለቆ ዳገት ላይ የሚወጡት ንጣፎች ጂፕሰምና ሼል (ከጭቃ ደለል የተፈጠረ ዓለት) አለባቸው። በመቀሌ ዙሪያ ያለው የአጉላ ሼልም ጂፕሰም የያዙ ንጣፎች አሉት። ኦጋዴን ሰፊ የጂፕሰም አገር ነው፤ በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች ደግሞ ከደረቁ ባሕሮችና ሐይቆች የቀረ ጨውና ጂፕሰም አለ። በእነዚህ ቦታዎች መንገድ ወይም የሕንፃ ወለል በኖራም ሆነ በሲሚንቶ ለማጠንከር ሲታሰብ፣ ቆላው ሞቃት መሆኑ ማጽናኛ አይሆንም። ታውማሳይት ብርድ ይፈልጋል፤ ኤትሪንጋይት ግን በሙቀት ይፋጠናል። ደረቅ መሆኑም ለጊዜው ብቻ ነው፤ አንድ ዝናብ፣ የሚያንጠባጥብ የውሃ መስመር ወይም በመንገዱ ዳር የሚቆም የመስኖ ውሃ ይበቃዋል።

ለላብራቶሪ የሚላከው ትዕዛዝ በነዚህ ቦታዎች አራት ነገር መያዝ አለበት፦ በውሃ የሚሟሟ ሰልፌት በ1 ለ20፣ በአሲድ የሚሟሟ ሰልፌት፣ ጠቅላላ ድኝ፣ እና በታሰበው የኖራ መጠን ታክሞ 28 ቀን የተነከረ ናሙና እብጠት። ናሙናው በየአፈሩ ቀለም ይለይ፤ የተቆረጠ ዳገት ላይ ከላይ እስከ ታች በየንጣፉ ይወሰድ። ጂፕሰም በአንድ ንጣፍ ውስጥ በጣት ውፍረት ሊሰበሰብና ከዚያ በላይና በታች ጨርሶ ላይኖር ይችላል። አማካይ ቁጥር ያንን ንጣፍ ይደብቀዋል፤ እብጠቱ ግን የሚወጣው ልክ እዚያ ላይ ነው።